አብሬው ያልቆረስኩት እንጀራ

የያዙኝ ቡራዩ ላይ ነው፣ ከአንዲት አሮጊት ቤት ስወጣ። የልጅነት ጎረቤታችን ናቸው። አባቴ የተወሰደ ቀን ምን እንዳዩ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ያን ሰሞን ሥራዬ ይኸው ነው፤ ከቡራዩ ሱሉልታ፣ ከሱሉልታ ሰበታ እየዞርኩ አባቴን የት እንደጣሉት ማጠያየቅ። መርማሪው «የሞተ ሰው ለምን ትቀሰቅሳለህ? ማን ልኮህ ነው?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ማን ያምናል! ፖለቲካ ነው ተባለና ሰበታ ወስደው ዘጉብኝ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ቀዝቃዛ ሲሚንቶ፣ ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ፣ ላብና በፌስታል የመጣ ወጥ አንድ ላይ የሚሸትበት። ካቦው፣ እስረኛው የመረጠው አለቃ ማለት ነው፣ ከደቡብ መጥቶ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ጴንጤ ነው። ሕጉ አንድ ነበር፤ ስንቅ የመጣለትም ያልመጣለትም ከአንድ ገበታ ይበላል።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ ሳለ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ አስገቡ። ሱሉልታ ላይ አንድ መሬት ለሁለት ሰው ሸጠዋል ተብለው ነው። ካቦው «ኑ ኦቦ፣ ታጥበው ይቅረቡ» አላቸው። ጎንበስ ሲሉ የግራ ጆሯቸው ጫፍ እንደሌለ አየሁ። «እንብላ ልጆች» አሉ። ድምፁን ለየሁት።

እሱ ነው። አንቱታው እዚያው ላይ አለቀ።

አባቴ ሲወሰድ ሰባት ዓመቴ ነበር። እሱ የሰፈራችን ጸጥታ ሠራተኛ፣ የአባቴም ወዳጅ ነው። ያን ቀን ቤታችን ምሳ በላ። እኔን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያንን ጆሮውን እያስነካ አሳቀኝ። እጁን ታጠበና አባቴን «አንዴ ትፈለጋለህ፣ ብቅ በል» አለው። አባቴ የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ተከተለው፣ በዚያው ቀረ። ሰውየውም ከሰፈር ጠፋ። እናቴ አልቀበረች፣ ተስካር አላወጣች። «ሞቷል» ሲሏት «አሳዩኛ!» ትላለች፣ እስከ ዛሬ።

እጄን ከገበታው ሰበሰብኩ። በእኛ አገር፣ ኦሮሞው በለው አማራው፣ ደም ያለው ሰው ከደመኛው ጋር እንጀራ አይቆርስም። ከቆረሰ ይቅር ብሏል። ካቦው ግን አልገባውም።

«ምነው፣ ጠገብክ?»

«ከዚህ ሰውዬ ጋር ደም አለን» አልኩ።

የሌሎቹም እጅ ተሰበሰበ። ሽማግሌው ጉርሻውን እንደጠቀለለ ቀረ። «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ። ነገርኩት። ጉርሻውን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ጥጉ ላይ ብቻውን ደረቅ ዳቦ ይገምጥ ጀመር። ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ የለውም። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እሱም እንዳይረሳ ምሳ በመጣ ቁጥር ዓይኑን እያየሁ እበላ ነበር። ካቦው «ወንድሜ፣ በጌታ፣ ይቅር በለው» ቢለኝ «ጌታ ይቅር ይበለው፣ እኔን ተወኝ» አልኩት።

አንድ ቀን ሽማግሌው ራሱ እየተንፏቀቀ ቀረበ።

«ልጄ፣ አባትህ የት እንዳለ አውቃለሁ። በእጅህ አንዲት ጉርሻ አጉርሰኝ፣ እነግርሃለሁ።»

እናቴ ታየችኝ። አንዲት ጉርሻ ናት፣ እሷም ባሏን ትቀብራለች። እጄ ወደ እንጀራው ሄዷል፣ እውነቴን ነው። እንደዚያ ያቃጠለኝ ነገር በሕይወቴ የለም።

«አባቴን ምሳችንን በልተህ ወሰድከው» አልኩት። «አሁን ደግሞ አጥንቱን በጉርሻ ልትሸጥልኝ?»

ከዚያ ሳህኑን እንዳለ አንስቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። «እንካ፣ ብላ። በራብ እንድትሞት አልፈልግም። ግን ብቻህን ነው የምትበላው።» ጦሜን ወደ ግድግዳው ዞሬ ተቀመጥኩ። አባቴን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣሁት መሰለኝ።

ሽማግሌው ሳህኑን አልነካውም። በማግስቱ ዋስ አገኘና ተጠራ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ ወደ እኔ ግን አልዞረም። «ሱሉልታ፣ ከድሮው ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ባህር ዛፉ መሃል። ድንጋይ አለበት። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት» አለና ወጣ።

ስፈታ ሄድን፣ ቆፈርን፣ አገኘነው። እናቴ ዛሬ የሞተ ይመስል ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ቀበረችው።

አሁን ሰውየው በየዓመት በዓሉ አስታራቂ ሽማግሌ ይልክብኛል። እርቅ ይሁን፣ አንድ ገበታ እንቅረብ ነው ነገሩ። የላካቸውን አከብራለሁ፣ ብድግ ብዬ አስቀምጣለሁ። እነሱም እሺ ካላልኩ እህል አይቀምሱም። እናቴ «እንደ ልብህ» ከማለት በቀር ቃል አትተነፍስም። ባለፈው ፋሲካም መጡ።

«እናቴ የጠበቀችውን ያህል ይጠብቅ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሰውየው አልጋ ይዟል። ዕድሜው አይበቃውም እኮ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ» አልኩና ከዘራቸውን አቀበልኳቸው።