ያልደረቀው ሞተር

ሊሲያቴ በቫቫኡ ደሴት ወደባችን፣ ለዓሣው በረዶ የሚሠራበትን የበረዶ ቤት ሞተር የሚጠብቅ ሰው ነበር። የባሕሩ ጨዋማ እርጥበት የማይበላው ነገር እንደሌለ ስለሚያውቅ፣ ሞተሩ በቆመ ቁጥር ብረቱ ቀዝቅዞ ጤዛ እንዳይቋጥር ከሥሩ አምፖል ያበራለታል። «ሚስትህን እንኳ እንዲህ አታሞቃትም!» እያሉ ዓሣ አጥማጆቹ ይስቁበታል።

አንድ ዓመት ማዕበል የበረዶ ቤቱን በር ገንጥሎ ገባና ሞተሩን በባሕር ውሃ ዘፈቀው። ሊሲያቴ ሞተሩን ፈታታው፤ ጨዉን በንጹሕ ውሃ አጠበ፤ ከሥሩ አምፖሎች ደርድሮ ሸራ ጣለበት፤ እንፋሎቱ የሚወጣበት ቀዳዳም ተወለት። በመለኪያ ሲያየው ግን የውስጡ ጥቅል ሽቦ ገና እርጥብ ነበር።

ጀልባዎቹ ቱና ጭነው በገቡ ዕለት ታላቅ እህቱ ሴይኒ መጣች። ዓሣውን ለገበያ የሚያዘጋጁት ሴቶች አለቃ ናት። በእኛ ዘንድ ደግሞ ወንድም እህቱን እንቢ አይልም፤ ነውር ነው።

«ሞተሩን አስነሳ።»

«እትዬ፣ እስከ ነገ ይታገሱኝ። ውስጡ አልደረቀም።»

«በእጄ ዳበስኩት እኮ! እንደ ምድጃ ድንጋይ ይፋጃል።»

«የሚፋጀው ላዩ ነው።»

«ዓሣው እስከ ነገ ይታገሠኛል? ወይስ እንቢ ማለትህ ነው?»

ከኋላዋ የመጡት ሴቶች ሁሉ ያዩታል። ሊሲያቴ አንገቱን ደፋ። «ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን አፍ አለኝ» ብሎ ሞተሩን ገጣጠመና ማብሪያውን ተጫነ።

ሞተሩ ጥቂት አጉረመረመና ጧ አለ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ቤቱን ሞላው። ያ ሁሉ ቱና ገማና ተመልሶ ባሕር ተጣለ። ሌላ ሞተር በመርከብ እስኪመጣ ድረስም አጥማጆቹ ለየቤታቸው ብቻ አጠመዱ።

አዲሱ ሞተር መጥቶ በረዶው ተመለሰ፤ ሴይኒ ግን እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ቀድሞ ከመንገድ ላይ ሆና «አንተ ሰነፍ፣ ና ጎደሬ ቆፍርልኝ!» ስትል ሰፈሩ ይሰማ ነበር። አሁን የቸገራትን ከጎረቤት ትለምናለች።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሊሲያቴ ተከተላት።

«እትዬ፣ ጣሪያዎ ያፈሳል አሉ። ምነው ሳያዙኝ?»

«ያንን ሁሉ ልፋትህን ገደል የከተተው የኔ ትእዛዝ አይደል? አፌ ፈራ።»

«ምነው ያኔ እንቢ ባልኩዎት!»

«ብትለኝም አልሰማህም ነበር። የሚቆጨኝ እሱ ነው።»

በነጋታው መሰላል ተሸክሞ ሄዶ ጣሪያውን ጠገነላት። ሲወርድ ምግብ ይዛ ቆማ ጠበቀችው። «አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ አስቸገርኩህ» አለችው፤ ልክ እንደ ባዳ።

ቤቱ ገብቶ ማልቀሱን ሚስቱ ላቪኒያ ነግራኛለች። «ምናለ ብትሰድበኝ» ይል ነበር አሉ።