የአይከል አውቶቡስ ጣሪያ

የጋለ ጎማ ላይ የተለጠፈ እርጥብ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ከገባ፣ ጎንደር ውስጥ የትም ብሆን የያዝኩትን ሥራ ትቼ ዞር እላለሁ። ሌላው ሰው ጭቃ ሲያይ ልብሱን ሰብስቦ ይሸሻል፤ እኔ ግን እንደ ልጅ ልቤ ይዘላል፤ ምክንያቱም እኛ ቤት ጭቃ ማለት ዜና ነበር።

እናቴ መናኸሪያው በር ላይ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት፤ እኔና ታናሽ እህቴ ብርቄ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ብርጭቆ እናጥብላት ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙጬ ከአይከል ከተማ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚያርስ ገበሬ ስለነበር፣ በጋው ሲረዝም እናቴ ሻይ እየቀዳች እንኳ ዓይኗን ከመንገዱ አትነቅልም ነበር። ሬዲዮው ስለ ድርቅ ሲያወራ «የት የት እንደሆነ ለይታችሁ አትናገሩም እንዴ!» ብላ ትቆጣውና፣ እኛን ወደሚገቡት አውቶቡሶች ትልከን ነበር። ከማክሰኝትና ከእንፍራንዝ የሚመጣው ጥቁር ጭቃ ይዞ ከገባ በዚያ በኩል ዘንቧል፤ ከአይከል የሚመጣው ቀይ ጭቃ ከያዘ የአያ ሙጬ አገር ዘንቦለታል፤ ሁሉም አቧራ ለብሰው ከገቡ ደግሞ የእናቴ ፊት ይጠቁርና ብርቄና እኔ ያን ቀን ብርጭቆ ላለመስበር እንጠነቀቅ ነበር።

አንድ ዓመት በሚያዝያ አልፎ አልፎ የምትጥለው ዝናብ ቀረች፣ ግንቦትም በአቧራ አለፈ። በየደብሩ ምህላ ተይዞ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚለው ድምፅ ከኮረብታው እየወረደ ከአውቶቡሶቹ ጥሩምባ ጋር ይቀላቀል ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ከማክሰኝት የመጣ አውቶቡስ እስከ መስኮቱ ድረስ በጥቁር ጭቃ ተለውሶ ገባ። ብርቄ «ዘነበ! ዘነበ!» ብላ ስትጮህ በሩ ላይ የነበሩት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት፤ ስኳር እንኳ በስስት የምትጨምረው እናቴ ለተሰበሰበው ሁሉ ሻይ በነፃ ቀዳች። ረዳቱ እልልታው ጋብ እስኪል ጠበቀና ማጅራቱን እያከከ፣

«ኧረ ዝናብ አይደለም፤ ሹፌሩ ማኪናውን ሊያጥብ ወንዝ ዳር ወርዶ ሰምጦበት ነው» አለ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሻዩ ግን ተጠጥቶ አልቋል። እናቴ ባዶውን ማንቆርቆሪያ እየነቀነቀች «ከእንግዲህ ጎማ አይታችሁ እንዳትጮሁብኝ፤ ወንዝ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ ጣሪያውን እዩ!» አለችን።

ሰኔ ገብቶም ሰማዩ አልጠቆረም። አንድ ቀን ወደ ማምሻው ላይ የግቢያችን በር ተንኳኩቶ ስከፍት አያ ሙጬ ሁለቱን በሬዎቹን እየነዳ ቆሟል። አንደኛው ዳልቻ ነበር፤ ሌላው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦቃ። ቦቃን ጥጃ ሳለ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እየሄድኩ ከመዳፌ ጨው ያላስኩት እኔ ስለነበርኩ፣ እንደሚያውቀኝ እምል ነበር። አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፤ የጎድን አጥንቱ ክንዴን ወጋኝ።

«ምነው አያ ሙጬ፣ በሬዎቹን ይዘህ ወዴት ነው?» አለች እናቴ።

«ማክሰኝት ገበያ። አይከል ሁሉም በሬውን ይዞ ስለወጣ የሚገዛ የለም። በቆሎው በበቀለበት ደረቀ፤ ልጆቹ የሚበሉት ይሻሉ፣ እቴ።»

«ነገ ቢዘንብስ? በምንህ ልታርስ ነው?»

የቦቃን ጀርባ በመዳፉ ጠረገ። እኔ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። እናቴ ግን የምታለቅስ ሴት አልነበረችም፤ ወዲያው መላ አገኘች። «ከቤትህ ከወጣህ ወዲህ እዚያ ምን እንደሆነ አታውቅም። የጠዋቷ የአይከል ማኪና እስክትገባ ብቻ ቆይ።»

«ካረፈድኩ ገበያው ያመልጠኛል» አለ። ከዚያ እኔን አየኝና «በሉ እሺ፤ የመጀመሪያዋን ብቻ። አቧራ ይዛ ከመጣች ግን እንዳታለቅሱብኝ፤ እሄዳለሁ።»

ጠዋት ትምህርት ቤት ትዝ ያለው አልነበረም። እናቴ ሻይ ቤቱን ከፈተች፣ እኔና ብርቄ መናኸሪያው በር ላይ ቆምን፤ በእጄ ላጥበው የነበረ ብርጭቆ ይዤ ነበር። የማክሰኝቱ ገባ፣ አቧራ። የእንፍራንዙ ገባ፣ አቧራ። ከዚያ ያ አሮጌ የአይከል አውቶቡስ እያቃሰተ ሲታጠፍ ጎማው ቀይ ሆኖ አየሁት! ብርቄ አፏን ስትከፍት በእጄ ከደንኩት። ረዳቱ ራሱ ላይ ፌስታል አጥልቆ በበሩ ተንጠልጥሏል፤ ጣሪያው ላይ የታሰሩት ዶሮዎች ላባቸው ከቆዳቸው ተጣብቋል። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም የኋላውን መሰላል ይዤ ወጣሁ፣ ረዳቱ «አንቺ ልጅ! ውረጂ!» እያለ ሲጮህ ዕቃው የተሸፈነበት ሸራ ላይ ደረስኩ፤ በሸራው እጥፋት ውስጥ ቀላ ያለ ውሃ አቁሯል። ብርጭቆዬን ሞላሁ።

ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ስለነበር፣ ውሃው ቀሚሴ ላይ እየተደፋ፣ ብርቄ ከኋላዬ «ከጣሪያው ነው! ከጣሪያው ነው!» እያለች እየበረረች ደረስን። አያ ሙጬ በሬዎቹን ፈትቶ ለመውጣት ቆሟል። የቀረችውን ጭላጭ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ ጣቱን ነክሮ አሸተተው፣ የተረፈውን እንደ ጠበል የቦቃ ግንባር ላይ ረጨው።

«ዞር በል ቦቃ» አለ፤ «አገራችን እንግባ።»

እናቴ ደርሳ ስታይ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ለሻይ ቤቱ ያስቀመጠችውን ዱቄት ሁሉ አስጭና ለልጆቹ በዚያው አውቶቡስ ላከችላቸው፤ እኛም ብዙ ቀን ዳቦ ሳንጋግር ሻይ ብቻ ሸጥን። ክረምቱ ዘግይቶ ቢመጣም አልከዳንም፤ ሐምሌና ነሐሴ እስክንሰለች ዘነበ። በጥር ደግሞ ያ አውቶቡስ ከጣሪያው ላይ የጤፍ ጆንያ አወረደልን፤ እናቴ ጆንያውን ከመፍታቷ በፊት አቅፋ ሳመችው።

አሁን መንገዱ አስፋልት ነው፤ መኪኖቹ ክረምት ከበጋ ንጹሕ ሆነው ይገባሉ። ሰኔ ሲቃረብ እኔም እንደ ሰው ሁሉ ስልኬን እከፍትና የዝናብ ካርታው ላይ ደመናውን እከተላለሁ፤ ቡናማው አረንጓዴ እስኪሆን እጠብቃለሁ። አያ ሙጬም እናቴም የሉም፤ የአያ ሙጬ ልጅ ግን እዚያው ማሳ ላይ ያርሳል፣ ሲዘንብ ደውሎ ይነግረኛል። ዘንድሮም ብዙ ካስጨነቀን በኋላ ጎህ ሲቀድ ደወለልኝ፤ ካርታውም አረንጓዴ ሆኗል። የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም።

ቢሆንም ወደ ሥራ ስሄድ በመናኸሪያው በኩል ዞርኩ። ከአይከል የመጣ ሚኒባስ ሰው ያወርድ ነበር። ተጠጋሁና በእግር ጣቶቼ ጫፍ ተንጠራርቼ እጄን ጣሪያው ላይ ሰደድኩ።

«እትዬ፣ ዕቃ ጠፋብዎት እንዴ?» አለኝ ረዳቱ።

«የለም፣ አልጠፋብኝም» አልኩት፤ እርጥቡን መዳፌን ጨብጬ።