በቃሬዛ የሄደው ሞተር

ወንድሜ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ እናቴ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው አረማመዱን ነበር። ብቻውን የሚመጣ ሰው አያስፈራትም። ሦስት አራት ሆነው፣ ሳያወሩ፣ ነጠላቸውን ተከናንበው የሚመጡ ካየች ግን የያዘችውን አስቀምጣ በሩ ላይ ትቆማለች። መርዶ በእኛ አገር እንዲያ ነው የሚመጣው። በአንድ ሰው አፍ አይላክም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጅ ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው። ሰዎቹ ወደ ሌላ ቤት ሲታጠፉ ትቀመጣለች። ያን ጊዜም «ተመስገን» አትልም፤ የታጠፉበት ቤትም እናት አለችበትና።

ስለ ወንድሜ የደረሰን ወሬ አንድ ብቻ ነበር። ቆስሎ የተመለሰ የፍላቂት ሰው «አስመራ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» አለ። መቼ እንዳየው ስጠይቀው ወሬውን ወደ ቁስሉ አዞረ። እናቴ «ምን አስጨነቀሽ፣ አይቼዋለሁ ካለ አይቶታል» ብላ ተቆጣችኝ።

የመኪና እሽቅድምድም ይመጣል የተባለው በዚያ ሰሞን ነው። ከወዳጅ አገሮች የመጡ ነጮች መጀመሪያ አዲስ አበባ፣ ቀጥሎ ላሊበላ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለው ሜዳ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ አስመራ ይወዳደራሉ ተባለ። ካድሬው በስብሰባ ይህን ሲያስረዳ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችንን ያቆሙት አጎቴ እጃቸውን አወጡ።

«ጓድ፣ የሚሽቀዳደሙ ከሆነ ለምን በዚያው እስከ አስመራ አይሄዱም? ማን እንደቀደመ እዚያው ይታይ ነበር።»

ሰው ሳቀ። ካድሬው አልሳቀም።

ለካስ እንዲያ የሚበሩ መኪኖች ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው በራሳቸው ጎማ አይሄዱም። በካሚዮን ላይ ታስረው፣ ሸራ ለብሰው ነው የሚጓዙት። ከእነሱ በፊት ነዳጅ በበርሜል ይሄዳል፣ ጎማ ይሄዳል፣ ድንኳን ይሄዳል፤ ከኋላቸው መለዋወጫ ይከተላል። አንዱ አገር ድንኳኑ ሲነቀል ሌላው አገር ሌላ ድንኳን ተተክሎ መጠበቅ አለበት። ውድድሩ አንድ ከሰዓት ነው፤ ማጓጓዙ ግን ሳምንት አይበቃውም። ይህን የነገረኝ አብሯቸው የመጣ ወጣት አስተርጓሚ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ ከፈታሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለነበር፣ የማላውቀውን ሰው አቁሞ መጠየቅ ገና አዲስ ድፍረቴ ነበር።

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንደራችን በላይ ያለው ወንዝ በበልግ ዝናብ ሞልቶ መሻገሪያውን ቆርጦ ወሰደው። ከማዶም ገደሉ ተንዶ መንገዱን ዘጋው። መኪኖቹን የጫኑት ካሚዮኖች ቀድመው አልፈዋል፤ የመጨረሻው ከአንድ ነጭ መካኒክና ከአስተርጓሚው ጋር ቀረ። የጫነው ትርፍ ሞተር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሞተሩ የተቃጠለ መኪና ሜዳው ላይ ሆዱን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ለውድድሩ ደግሞ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ሲነጋ ውኃው ጎደለ፤ እስከ ሰው ጭን ቢደርስ ነው። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ወንዱን ሁሉ ጠርቶ፣ ሞተሩ በእኛ መንደር በኩል በእግር መንገድ ናዳውን ዞሮ እንዲሄድ አዘዘ። እኔን የሴቶች ማኅበር ለእንግዶቹ ውኃና ቆሎ አስይዞ ላከኝ።

«በቅሎ አምጡ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ዛሬ እኮ ማርያም ናት» አሉት።

«እና ለካድሬው ማርያም ናት ብዬ ልንገረው?»

«አንተ ካልነገርከው ማን ይነግረዋል?» አሉ አጎቴ። «የክርስትና ስምህ በማን እንደሆነ እሱ ባያውቅ እኛ እናውቃለን።»

ሊቀመንበሩ ጆሮው ቀላ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ፣ በእናትህ፣ እኔን ነው የሚያስሩኝ» አለ ለአጠገቡ ሰው። እውነቱን ነበር።  በመጨረሻ ሁሉም አብረውን ወደ ወጡት የመንደራችን ቄስ ዞረ።

ቄሱ ጥቂት አሰቡ። «እንስሳ አይጫንም» አሉ። «ቃሬዛ ግን በበዓልም አይከለከልም። የታመመ ለማንሳት የሚነሳን ሰው እመቤታችን አትቀየምም።»

«ይሄ እኮ ብረት ነው አባ።»

ቄሱ በመስቀላቸው ጫፍ ወደ ነጩ መካኒክ አመለከቱ። ሰውየው ከሞተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ አንድ እጁን በላዩ አሳርፎ፣ አንዴ ሰማዩን አንዴ ወንዙን ያያል። «እስቲ እዩት፤ በሽተኛ የሚያስታምም አይመስልም?»

ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፣ ጠፍር ተጠላለፈ፣ ሞተሩ ቃሬዛው ላይ ታሰረ። ወንዙን እንደተሻገሩ ወሬው ደራ።

«ትኩሳት አለው እንዴ?»

«ኧረ ቀዝቅዟል!»

«ሆዱን ነው መሰለኝ የሚያመው፣ ዘይት እያስመለሰው ነው!»

መካኒኩ ምን እንደሚሉ ባያውቅም አብሮ ፈገግ ይላል። ካፊያ ሲጀምር ግን ፈገግታው ጠፋ፤ ኮቱን አውልቆ ሞተሩ ላይ ጣለ፣ ኮቱ አልበቃም። አጎቴ አዩና ጋቢያቸውን ገፈፉ። ከላይ እስከ ታች ሸፈኑት፣ ዳርና ዳሩን ከጠፍሩ ሥር ሸጎጡ። በእኛ አገር በቃሬዛ ያለ በሽተኛ ፊቱ ይገለጣል፤ ሙሉ በሙሉ የሚሸፈነው ሬሳ ነው። ይህን የማያውቅ ከመካኒኩ በቀር ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ግን ብረት ነበርና ማንም ልብ አላለውም።

በቅሎ እንዲያ አይፈጥንም። ቃሬዛ ያየ ሰው ቆሞ አያሳልፍም። ከማሳው ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ያገኘው ሁሉ «አቀብሉኝ» እያለ ትከሻውን ይሰጣል። ከሥሩ ገብቶ ከተራመደ በኋላ ነው የተሸከመውን የሚጠይቀው። ሲነግሩት አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ «አይ ዘመን!» ይላል፤ ሳይሸከም የሚመለስ ግን የለም።

ከመንደራችን በላይ ያለው ሸለቆ ስንደርስ፣ ከማዶ ከዳገቱ አናት አንዲት ሴት ጮኻ ጠየቀች።

«ማን ነውውው?»

ከፊት የነበረው ተሸካሚ አፉን በእጁ ከልሎ መለሰላት። «ሞተር ነውውው!»

ነፋሱ ከእኛ ወደ እሷ አልነበረም። ጆሮዋን አዘንብላ አዳመጠች። ከዚያ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ለካ የሰማችው «ሞተ» የሚለውን ብቻ ነው፤ የ«ር»ን ነገር ሸለቆው ዋጠው። ያየችው ደግሞ የተሸፈነ ቃሬዛ ነው፤ ከኋላው አጎቴ ያለ ጋቢ፣ ከእሳቸው ኋላ እኔ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለች። ከቤታችን ማን እንደጎደለም ታውቃለች።

ፊቷን ወደ ታች ወደ መንደራችን አዙራ ጮኸች። ከታች ሌላ ድምፅ ተቀበላት፤ ከዚያ ሌላ። የወንድሜ ስም ከእኛ ቀድሞ ቁልቁል ሲወርድ በጆሮዬ ሰማሁት።

የውኃውን ቅል ጥዬ ሮጥኩ። በአቋራጩ፣ በገብሱ መካከል፣ እናቴ ሳትወጣ ልደርስ። ነጠላዬ ቁጥቋጦ ያዘውና ቀረ። «እማ! አይደለም! እማ!» እያልኩ ነበር። ግን ራሷን ገልጣ፣ እየጮኸች፣ ብቻዋን የምትሮጥ ሴት በእኛ አገር ምን ይዛ እንደምትመጣ ሁሉም ያውቃል። «አይደለም» ደግሞ የለቅሶ ሁሉ መጀመሪያ ነው። ጎረቤቶቻችን ያዙኝ፤ ሊያጽናኑኝ።

«አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ።»

«ልቀቁኝ! ብረት ነው! መኪና ነው!»

«አእምሮዋን ሳተች» አለች አንዷ።

እናቴ በአጠገቤ አለፈች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ አታለቅስም። ቃሬዛው ከጠባቡ መንገድ ላይ ቆመ። ተሸካሚዎቹ ምን እንደሆነ ገና ስላልገባቸው አንዱ ፈገግ እንዳለ ቀረ። እናቴ ተንበረከከች፤ ጋቢውን ከወደ ራስጌው ገለጠች።

ሽታው ዘይት ነበር። እጇን በብረቱ ላይ እየደባበሰች፣ አንገትና ትከሻ እንደሚፈልግ ሰው፣ እስከ ታች ድረስ ወረደች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሞተር ነው እቴ» አሉ አጎቴ በዝግታ። «የእነዚህ የእንግዶቹ ሞተር።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ተመታ መሰለኝ ወዲያው ቆመ። መካኒኩ ሞተሩ እንዳይረጥብ ጋቢውን ሊመልስ እጁን ዘረጋ፣ የእናቴን ፊት አየና ሰበሰበው።

እናቴ ተቀምጣ ቀረች። ከዚያ አስተርጓሚውን ቀና ብላ አየችው። «ወዴት ነው የምትወስዱት?»

«ላሊበላ፣ እማማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አስመራ። በወታደር ታጅበን።»

ተነስታ ወደ ቤት ሄደች። ሊቀመንበሩ «ኧረ ይመሻል» ሊል ጀምሮ ተወው። ስትመለስ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ ይዛለች። ለጾሙ ያለን እሱ ነበር። ለመካኒኩ በሁለት እጇ ሰጠችውና መናገር ጀመረች፤ ልጇ ረጅም መሆኑን፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ እንዳለው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ እንደሚሸፍን፣ አስመራ የታየ መሆኑን፣ በሶውን በውኃ ብቻ በጥብጦ መጠጣት እንደሚወድ። ብዙ ተናገረች። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠና በነጩ ቋንቋ ሁለት ሦስት ቃል አለ።

«ሁሉንም ነገርከው?»

«ነግሬዋለሁ፣ እማማ።»

መካኒኩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ቋጠሮውን ፈታ፣ ቆንጠር አድርጎ ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀላት። ጣፈጠኝ ማለቱ ነው።

አጎቴ ፊታቸውን አዞሩ። እኔ አስተርጓሚውን ማየት አልቻልኩም። እናቴ ግን አልተቆጣችም። «እውነቱን ነው፣ መንገደኛ ነው፤ ርቦታል» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «የቀረውን አምጪ። ይሄ ለሱ ይሁን፤ ያንን ለወንድምሽ ቋጥሪ። እንዳይሳሳት ጻፊበት።»

የበሶውን ማሰሮ ገለበጥኩ። በቋጠሮው ላይ በሰፋሁት ቁራጭ ወረቀት የወንድሜን ስም ጻፍኩ፣ የአባታችንን፣ የአያታችንን፣ ከዚያ «ላስታ» ብዬ ጨመርኩ። ከስሙ ቀጥሎ የጦሩ ክፍል እንደሚጻፍ አውቅ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ቦታውን ባዶ ተውኩት። እናቴ ፊደል ባታውቅም ባዶውን አየችው።

«ይሄስ?»

«የሚሞሉት እዚያ ነው» አልኳት።

ቋጠሮውን ሞተሩ ላይ፣ ከጋቢው ሥር አስገባችው። ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሱ፤ አሁን ማንም አልቀለደም።

ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች ግን መምጣታቸውን አላቆሙም። ያን ከሰዓትና በማግስቱ፣ ከአሸተን በኩል ሳይቀር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከአጥሩ ሲደርሱ እያለቀሱ መጡ። ወሬ ሲሄድ ይሮጣል፣ ሲታረም ያነክሳል። እኔ ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ጀምሬ ላስረዳ እሞክራለሁ፤ ሞተሩን፣ ጋቢውን፣ ነፋሱን። ሰው እንባውን ይዞ መጥቶ ስለ ነፋስ መስማት አይፈልግም።

እናቴ ለለቀስተኛ የሚነጠፈውን እንዳላነጥፍ ከለከለችኝ። አንዳቸውንም አላስቀመጠችም። በሩ ላይ ቆማ፣ እንባቸው እስኪያልቅ ታግሳ፣ ለሁሉም ያንኑ ትናገር ነበር።

«ልጄ አልሞተም። ስንቅ ልኬለታለሁ።»