በሬሳ ቃሬዛ ላይ የተኛሁበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ የፎገራ ሜዳ በውሃ በተሞላበት ሰሞን ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ ልጻፈው አልኩ።

እኔ ቁሐር ሚካኤል የምኖር ሸክላ ሠሪ ነኝ። የእኔ ድስትና እንስራ የሌለበት ቤት አይገኝም፤ ከኋላዬ ቡዳ የማይለኝ ሰውም ጥቂት ነው። ለምጄዋለሁ።

የበኩር ልጄ የሺ እኔ ቤት መጥታ ወለደች። ሕፃኑ በደህና ወጣ፤ እልል አልን። ደሟ ግን አልቆም አለ። ያነጠፍንላት ጨርቅ ሁሉ ራሰ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። ባሏ አምቡላንስ ለመጥራት ወረታ ደወለ።

«እመጣለሁ» አለ ሾፌሩ። «ግን ከአስፋልቱ መውረድ አልችልም፤ መንገዱን ውሃ በልቶታል። እስከዚያ አድርሷት።»

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው የሩዝ ማሳ ነው፤ ውሃው ወገብ ይደርሳል። በበጋ በሽተኛ የምናደርሰው በአልጋ ተሸክመን ነው። በዚያ ጭቃ ግን አልጋ ይዞ መራመድ አይታሰብም። ቀለል ያለ የቀርከሃ ቃሬዛ ያለው እድራችን ብቻ ነው፤ እሱም አስከሬን የሚወጣበት ነው። የሚቀመጠው በእድሩ ዳኛ በአያ ታከለ ቤት ነው። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ጎረቤቱም ተከተለኝ።

አያ ታከለ በራቸው ላይ ቆሙ። «ሕያው ሰው አይተኛበትም» አሉ። «ሞትን በእጅ መጥራት ነው።»

«አያ ታከለ፣ ልጄ እኮ እያለቀችብኝ ነው!»

«አውቃለሁ እቴ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ካባቶቻችን የተቀበልነው ነው። በአልጋ ሞክሩ።»

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። በጎናቸው ሾልኬ ገባሁ፣ ቃሬዛውን ከግድግዳው አውርጄ ደጅ አወጣሁትና ተኛሁበት። እጄን ደረቴ ላይ አጣመርኩ። ሴቶቹ ጮኹ፣ አንዷ አማተበች።

«ድሮም ቡዳ ትሉኝ የለ? ዛሬ ደግሞ ሬሳ በሉኝ!» አልኩ። «ሞት በዚህ የሚጠራ ከሆነ ይኸው፣ እኔን ያስቀድም!»

ከዚያ ተነሳሁ። ምንም አልሆንኩም፤ ቀሚሴ አቧራ ከመያዙ በቀር።

አማቼ አንዱን ጫፍ ያዘ። ሌሎቹም ተራ በተራ ቀረቡ። አያ ታከለ ፊታቸውን አዞሩ እንጂ አልከለከሉም። ቃሬዛውን ይዘን ወደ ቤት ሮጥን። ሕፃኑን ለጎረቤት ትተን፣ የሺን በቃሬዛው ከትከሻ በላይ ከፍ አድርገን ውሃው ውስጥ ገባን። እኔ በጎኗ ሆኜ «ዓይንሽን ግለጪ! እንዳትተኚብኝ!» እያልኩ እቆጣታለሁ። ድምፄ ሲጠፋ እጇን እጨምቃለሁ።

አምቡላንሱ አስፋልቱ ዳር ቆሞ አገኘነው። አብሮ የመጣው ባለሙያ እዚያው ጉሉኮስ ሰካላት። ሐኪም ቤት ደም ተሰጣት። ተረፈችልኝ።

በቅርቡ ወረታ ላይ ስብሰባ ተጠራንና ሄድኩ። ስለ ድንገተኛ ሕክምና ነበር። አንድ ባለሙያ ወደፊት የሚመጣውን አስረዳን፤ አንድ አጭር ስልክ ቁጥር፣ ጥሪ የሚቀበል ማዕከል፣ መሣሪያ የተሟላላቸው አምቡላንሶች። መልካም ነው፣ አልጠላሁትም። እጄን አወጣሁ።

«አምቡላንሱ አስፋልቱ ላይ ሲቆም ውሃውን ማን ያሻግረናል? ለክረምቱ ጀልባ፣ በየቀበሌው የሕያው ሰው ቃሬዛ አስባችኋል ወይ?»

«እናቴ፣ እሱ ወደፊት ይታያል» አለኝ በትህትና። «ይቀመጡ።»

«የልጄ ደም ወደፊትን አልጠበቀም» አልኩት። «ቁርጡን ሳትነግረኝ አልቀመጥም።»

ሰው ሳቀ፣ ከፊሉም አጨበጨበ። ስብሰባው እስኪበተን ቆሜ ቀረሁ። በማግስቱም ጽሕፈት ቤታቸው ሄድኩ፣ ከዚያ ወዲህም እየተመላለስኩ ነው። ዘበኛው ገና ሲያየኝ ይስቃል። ይሳቅ። ልጄ ስለተረፈች ደስ ይለኛል፤ የተረፈችው በጩኸት መሆኑ ግን እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሌላ ክረምት እየመጣ ነው፤ በሰፈራችን ደግሞ ሦስት እርጉዞች አሉ። መልሱን እስኪሰጡኝ ድረስ አልቀመጥም።