ጀግናውን በልተን ሰነፉን ድረን

ቀይ ቦቃው የተወለደ ዕለት ታናሽ እኅቴ ልትሞት ነበር። ሁለቱም በአንድ ምድጃ ዳር ነበሩ። እሷ እናቴ ጭን ላይ ተኝታ ደረቷ እንደ ወናፍ ይነሳል ይወድቃል፤ እሱ ገና ሳይደርቅ በጆንያ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። የታኅሣሥ ውርጭ አዲስ ግልገል አይምርምና እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ቀን ሰውና በግ እሳት ይጋራል። አባቴ ከጤና ኬላ የተሰጠውን ሽሮፕ ይዞ ሲገባ እናቴ ቀና ብላም አላየችው። አንድ እጇን ግልገሉ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረች።

"እመቤቴ ማርያም፣ ይቺን ልጅ አውጪልኝ" አለች። "እኔም ይህን ግልገል ሙክት አድርጌ ለሚመጣው ኅዳር ጽዮን ከደጅሽ አመጣዋለሁ።"

እኅቴ ዳነች። ዛሬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ "የኔንም ስም ጻፊው" እያለች ታስቸግረኛለች። የማንንም ስም አልጽፍም ብያታለሁ፤ አኩርፋለች። ያን ጊዜ ያዳናት ሽሮፑ ነው ያለ ሰው በቤታችን አልነበረም። አባቴም አስቦት ከሆነ በሆዱ ያዘው።

ግልገሉ ሲደርቅ ቀይ ሆነ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረበትና ቦቃ አልነው። ከዚያ በኋላ ግን የኛ አልነበረም። እናቴ የገብስ ገለባ ስትሰጠው እንኳ "እንካ የእመቤቴ" ትለው ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ በጎቹን ስጠብቅ ሌላውን በድንጋይ እመልሳለሁ፣ እሱን ግን ሄጄ በእጄ ነበር የምመልሰው።

የምርምር ሰዎች መንደራችን መምጣት የጀመሩት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው። ስብሰባ የበዛበት ዘመን ነበርና ከቀዬው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ተሰብሰቡ ሲባል ሰው ሁሉ "ደግሞ በምን ልንደራጅ ነው?" እያለ ነው የወጣው። የመጣችው አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። ዶክተር ይሏታል፤ አይደለሁም ብትልም ማን ሰምቷት። ስለ ማዳበሪያ ትናገራለች ስንል ስለ በግ ጠየቀች።

"መጀመሪያ ገበያ የምታወጡት የትኛውን ነው?"

"የደረሰውን ነዋ!" አሉ ሰዎቹ።

"ለበዓል የምታስቡትስ?"

"ደህናውን ቀጥቅጠን ሙክት እናደርገዋለን።"

"ታዲያ እናት በጎቹን የሚያጠቃቸው ማነው?"

እኛ አገር ሙክት ማለት ሳያስወልድ እንዲሰባ በልጅነቱ የተቀጠቀጠ በግ ነው። ደስ የሚል ወንድ ግልገል ከተሸጠና ከተቀጠቀጠ፣ እናቶቹ ዘንድ የሚቀረው ገዢ ያጣውና ቢቀልቡት የማይሰባው ነው። ይህን ሁሉም ያውቀው ነበር፤ ጮክ ብሎ የተናገረው ግን አልነበረም። ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ መቱና፣

"ጀግናውን በልተን ሰነፉን ድረን! በጎቻችን ጥንቸል ቢያክሉ ምን ይገርማል?" አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም።

"ለደጀ ሰላሙስ?" አለች ከሴቶቹ መካከል። "ለእመቤታችን ከሲታውን ልንሰጥ ነው?"

የምርምሯ ልጅ "እሱን እናንተ ታውቃላችሁ" ብቻ አለች።

ከዚያ ወዲህ የምርምር ሰዎቹ ግልገል በተወለደ ቁጥር በጆንያ አንጠልጥለው ይመዝናሉ፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ያደርጋሉ። አዲሱ ሥራ ቀላል ነበር፤ ከወንዶቹ የበለጡት ተመርጠው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይሸጣሉ ወይም ይቀጠቀጣሉ። የተመረጠው አውራ በአንድ ሜዳ ለሚያግጡት ቤቶች ሁሉ በጋራ ያገለግላል። ሽማግሌዎቹ ላቱን ይጨብጣሉ፣ ቀንዱን ያያሉ፣ እናቱ መንታ ትወልድ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ልጅቷ ደግሞ ሚዛኑ ያለውን ትነግራቸዋለች። አንዳንዴ ይከራከራሉ።

በሰኔ ለምርጫ በወጣን ጊዜ ግን ማንም አልተከራከረም። ቦቃውን ይዤ ስገባ ሚዛኑም ሽማግሌውም አንድ ሆኑ።

"ይሄ ነው ሙሽራ!" አሉ ጎረቤታችን። "ይሄን የመሰለ ካየሁ ጥርሴ ይርገፍ!"

"ይሄማ ባለቤት አለው" አለች እናቴ።

"ባልሽ አይደለም እንዴ? እሱን እኛ እናግባባዋለን።"

"የማርያም ነው። ለልጄ የተሳልኩት ነው። ሙክት አድርጌ አመጣዋለሁ ብያለሁ፤ ቅዳሜ ራስዎ መጥተው ይቀጠቅጡልኛል።"

ወንዶቹ ቆባቸውን አወለቁ። የማርያምን በግ ማን ይነካል? ልጅቷ ቦቃውን አየችው፣ እናቴን አየቻት፣ ከዚያ ሚዛኗን መጠቅለል ጀመረች። ስታሳዝነኝ ትዝ ይለኛል፤ ግን እናቴም እውነት ነበራት። እኅቴ ስትስል የእናቴ እጅ እንዴት እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ።

አባቴ እስከ ቅዳሜ አልጠበቀም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችንን ወደ ቤት ጠራቸው። ጠላ ተቀዳላቸው፣ ቀመሱ፣ ነገሩን ሰሙ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሩ።

"ቃልሽን እንዳለ ንገሪኝ ልጄ፤ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ።"

ነገረቻቸው።

"ሙክት ያልሽው እንዲሰባ ነው ወይስ እንዲቀጠቀጥ?"

"ኧረ እንዲሰባ ነው አባቴ! መቀጥቀጡማ ለእመቤቴ ምን ያደርግላታል?"

አባቴ ሳቁን በጠላው ዋንጫ ሸፈነ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

"እንግዲያው አደልቢው። ለአምላክ የሚሰጥ ነውር የሌለበት፣ ሙሉ ሲሆን ነው የሚያምረው። ኅዳር እስኪደርስ ለጎረቤት ቢያገለግል እመቤታችን አትቀየምሽም። ቀኑን ግን እንዳታሳልፊ።"

"ቢሞትብኝስ?"

አባ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። "የነፍስ ጌታ እሱ ነው" አሉ።

ይህ መልስ ለአባ መልስ ነበር። ለእናቴ ግን አልነበረም። በጉ ቀን ከመንጋው ጋር ይውላል፣ ማታ እኛ ዘንድ ይገባል ብላ ተስማማች። ቅዳሜ ጎረቤታችን መጥተው የሌሎቹን ቤቶች ወንዶች ቀጠቀጡ፤ ቦቃው ብቻውን አውራ ሆነ። ጠዋት ሳወጣው ሽማግሌው ካጥራቸው ውስጥ "ሙሽራው ነቅቷል ወይ? ሚዜዋ ደህና አደርሽ?" ይሉኛል፤ እኔም በእፍረት ነጠላዬን አፌ ላይ አደርጋለሁ።

ነሐሴ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሜዳ ላይ ያዘን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦቃው መሳል ጀመረ። ራሱን ደፋ፣ ሣር ተወ፣ ከአፍንጫው ይወርደው ጀመር። እናቴ ምድጃው ዳር አስተኛችው፤ እኅቴ ታማ በተኛችበት፣ እዚያው ላይ። የራሷን ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሷን፣ አለበሰችው። እኅቴን ደግሞ ጭኗ ላይ አድርጋ ግንባሯን አሁንም አሁንም ትዳስሳለች፤ እኅቴ ግን ጤነኛ ነበረች፣ ቆሎ ትበላ ነበር።

"ያንተ ምርምር ልጄን ሊያስከፍለኝ ነው" አለችው አባቴን።

አባቴ ኮቱን ደርቦ በዚያ ጭቃ ወጣ። ሲመለስ የምርምሯን ልጅ ከነመድኃኒቷ ይዟት መጣ፤ ጫማዋ ጭቃ ሆኖ እግሯ አይታይም። መርፌ ወጋችው፣ በማግሥቱም ተመልሳ ወጋችው። እናቴ ውኃ ሰጠቻት እንጂ አላናገረቻትም። ልጅቷ የበጉን ደረት በጆሮዋ ስታዳምጥ ፊቷ ልክ እንደ እናቴ ነበር። ያን ጊዜ ለእሷም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ቦቃው ተነስቶ የእኅቴን ቆሎ ሊቀማ አፉን ሰደደ። እናቴ የሳቀችው ያኔ ነው፣ ከዚያም አለቀሰች።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ቦቃውን እናቴ ራሷ አጠበችው፣ ባዲስ የጓሳ ሣር ገመድ አሠረችው፤ እኅቴ ጅራፍ የሚያክል ጧፍ ይዛ ከፊት ሄደች። ደጀ ሰላም አስገብተን ሰገድን። ስለቱ ተከፈለ።

እኛ ዘንድ የስለት በግ እዚያው በጨረታ ይሸጣል፣ ገንዘቡም ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል። የመንደራችን ሰዎች ይህን አስበው ከየቤቱ አዋጥተው መጥተው ነበር። መልሰው ሊገዙትና ለሁሉም ቤት እንዲያገለግል ሊያቆዩት ነው። የማያውቁ እንዳይመስላችሁ፣ አባም ያውቁ ነበር። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን በአይሱዙ የመጣ ነጋዴም በዓሉን አውቆ መጥቷል።

"ለእመቤታችን የሚጨምር!" ይላል አጫራቹ።

"ጨመርኩ!" ይላሉ ጎረቤታችን።

ነጋዴው ጣቱን ብቻ ያነሳል።

"ጨመርኩ!"

አሁንም ጣቱን ያነሳል። ሕዝቡ እልል ይላል፤ በተጨመረ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ነው የምትጠቀመው። ሽማግሌው ዞረው የኛን ሰዎች ፊት አዩ። ያዋጡት አልቋልና ጨምሩ ብሎ ራሱን የነቀነቀ የለም። ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ኋላ አሉ።

ነጋዴው ሊረከበው ሲመጣ እናቴ ገመዱን ፈታች። "ገመዱ የኔ ነው" አለችው። ቦቃው መኪናው ላይ ሲጫን አንድ ጊዜ ጮኸ። እናቴ ገመዱን እጇ ላይ ጠቅልላ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች፤ እኛም ተከተልናት። እናቴ ቀለል ያላት ትመስል ነበር። ግን ደጃችን ስንደርስ ቦቃው ያድርበት የነበረውን ጥግ ሳታይ አለፈች።

በሳምንቱ የምርምሯ ልጅ መጣች። "ቦቃውስ?" አለች።

"ሄደ" አለ አባቴ።

ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላ ቀዳችላት።

ታኅሣሥ ሲገባ እናት በጎቹ መውለድ ጀመሩ። አንዷ ቤት ቀይ፣ ሌላዋ ቤት ቀይ፣ የሽማግሌው ቤት መንታ። ግልገሎቹ እንደ ወትሮው አልነበሩም፤ ተወልደው ሳይደርቁ ቆመው እናታቸውን በራሳቸው ይመቱ ነበር። ጎረቤታችን በየአጥሩ እየዞሩ "ሄደ አላችሁ? ይኸው እዚህ አለ! ይኸው እዚህም አለ!" ይላሉ። የኛዋም በግ ወለደች፤ ወንድ፣ ቀይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። እንደ ልማዳችን ምድጃ ዳር አስገባነው።

በዚያው ሰሞን እኅቴ ማታ እሳት ስንሞቅ ሳለች። አንዴ፣ ከዚያ ደጋግማ። የእናቴ እጅ ብድግ ሲል አየሁት። ፊቷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረ፣ ዓይኗ ግን ግልገሉ ላይ ነበር። አባቴ የያዘውን እንጨት ከእጁ አላወረደም። ሁላችንም የሚመጣውን ቃል አውቀን ጠበቅን።

"እመቤቴ ማርያም" አለችና ቆም አለች። ትንፋሿን ሳበች። "ልጄን ጠብቂልኝ። እኔም ከዚህ ግልገል ጠጉር በእጄ ፈትዬ፣ ለመቅደስሽ የሚነጠፍ ባና አሠርቼ አመጣለሁ።"

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። "አንተ ደግሞ ምን ታያለህ? ነገ በጠዋት ጤና ኬላ ውሰዳት።"

አባቴ እንጨቱን እሳቱ ውስጥ አደረገ።

"ባና እኮ በአንድ ሽልት ጠጉር አይሠራም" አለ ቀስ ብሎ። "ዓመት ከዓመት መሸለት አለበት።"

እናቴ ከግድግዳው ላይ የቦቃውን ገመድ አውርዳ የግልገሉን አንገት ለካች።

"አውቃለሁ" አለች።