ጎታ ውስጥ ያልነበረው ጠመንጃ

ልጅ ሳለሁ፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደራችን፣ እራት ተበልቶ ሲያበቃ አያቴ በርጩማቸውን ወደ ምድጃው ያስጠጉና ፍሙን በእንጨት ጫፍ እየቆሰቆሱ ተረት ይጀምሩ ነበር። ያኔ መብራት የምንለው ኩራዝ ነበር። ጋዙ ቶሎ እንዳያልቅ እናቴ ክሩን ዝቅ ስለምታደርገው የአያቴ ፊት በፍሙ በኩል ያለው ብቻ ቀላ ብሎ ይታየናል፤ ሌላው ጎናቸው ጨለማ ነው። ጭሱ ዓይናችንን ቢያቃጥለንም ከቦታችን አንነሳም፤ የተነሳ ሰው ቦታው ይወሰድበታላ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የጃርቷን እወድ ነበር። ድሮ ጃርት እሾህ አልነበራትም፤ ጠጉሯ እንደ ጥንቸል ለስላሳ ነበር አሉ። አንድ ቀን ቁራ መጣና «ጎረቤትሽ ከርከሮ ጥርሱን እየሳለልሽ ነው» አላት። ጃርት ሄዳ አልጠየቀችም። ግራሩን እሾህ ለምና ጀርባዋን ሙሉ ተከለችበት። ከርከሮም ይህን ሲያይ «ይሄማ ለእኔ ነው» ብሎ ያኔ ገና ጥርሱን መሳል ጀመረ። «ከዚያ ወዲህ» ይሉ ነበር አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የጃርት እናት ልጇን አቅፋ አታውቅም።» እኔ የማዝነው ላልታቀፈው ልጅ ነበር። ቁራውን ልብ ብዬው አላውቅም።

አያቴን ሰው አያ ካሴ ይላቸዋል። በአገራችን አቅም ያለው አባወራ ሁሉ ጠመንጃውን አንግቶ ነው ከቤት የሚወጣው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ግን በቅጥሩ በር ላይ ለዘበኛው ያስረክባሉ፤ እሱም ደጀ ሰላሙ ግድግዳ ላይ በተራ ያስደግፈዋል፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ሁሉም የየራሱን ያነሳል። አያቴ ከዱላቸው በቀር የሚያስረክቡት አልነበራቸውም። በጎልማሳነታቸው ምንሽር ጠመንጃ ነበራቸው፤ የቆረቡ ጊዜ ሸጡት። የነፍስ አባታቸው ቤትን መጠበቅ ኃጢአት እንዳልሆነ ነግረዋቸው ነበር። «ለሌላው አይደለም አባቴ፤ እኔ ግን ይቺን እጄን አውቃታለሁ። ስትቆጣ አታማክረኝም» ብለው መለሱላቸው አሉ። እናቴ ይህን በኩራት ነበር የምታወራው። እኔ ግን አፍር ነበር። ሌላው ጠመንጃውን ሲያነሳ የእኔ አያት ዱላ ሲያነሱ ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ፣ ግንቦት ውስጥ፣ የምንጩ ውሃ ቀጥኖ ወረፋው ረዝሞ ሳለ ከጥሩሰው ጋር ተጣላሁ። ጥሩሰው የጎረቤታችን የአያ ደሳለኝ ልጅ ናት። አባቷና አያቴ ባለፈው ክረምት በእርሻ ወሰን «አንድ ትልም ገፋህ፣ አልገፋሁም» ተባብለው ነበርና ነገሩ ገና አልበረደም። እኔ ጀሪካኔን ከፊቷ ሳስጠጋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«የእናንተ ቤት ወንድ የለበትም እኮ! አያትሽ በዱላ ነው ቤት የሚጠብቁት» አለችኝ።

ውሃ ቀጂዎቹ ሳቁ። ደሜ ፈላ።

«ዱላው ለታይታ ነው» አልኳት። «አባባ ጎታ ውስጥ ጠመንጃ አላቸው። ወሰኑን የነካችሁ ቀን ለአባትሽ ነው የሚያወጡት!»

ሁሉም ዝም አሉ። ያ ዝምታ እንዴት እንደጣፈጠኝ! ያለ ወረፋዬ ቀዳሁ፤ ማንም አልከለከለኝም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ አያ ደሳለኝ ሰላምታ አቆሙ፤ በደጃችን የሚያልፈውን መንገድ ትተው በገደሉ በኩል ይዞሩ ጀመር። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ነድተው ቡሬ ወረዱና ማታ ጠመንጃ አንግተው ተመለሱ። እናቴ «ሰው በግንቦት በሬ ይሸጣል? በምን ሊያርስ ነው?» አለች። እኔ ምክንያቱን አውቅ ነበር። ግን አልነገርኳትም።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አያ ደሳለኝ ሦስት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ።

«አያ ካሴ፣ ለእኔ ያዘጋጁትን ሰምቻለሁ» አሉ ከደጃፉ ሳይገቡ።

«ምን አዘጋጀሁ?»

«ጠመንጃ።»

አያቴ ሳቁ። «የለኝም፣ ልጄ» አሉ።

«እንግዲያው በታቦቱ ይማሉና ነገሩ ይለቅ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«መማልስ አልምልም። ጌታ አትማሉ ብሏል። የለኝም ካልኩ የለኝም ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር ንጹሕ ሰው ይምላል፤ ያልማለ ሰው የደበቀው አለ ማለት ነው። አያ ደሳለኝም የጠመንጃውን ማንገቻ ጨበጥ አድርገው፣ «አይፍረዱብኝ። እኔም ክርስቲያን ነኝ። ጌታስ ሰይፍ የሌለው ልብሱን ሽጦ ይግዛ ብሎ የለም? እኔ በሬዬን ሸጥኩ» አሉ።

«አልፈርድብህም። በዚያችው ሌሊት ግን ሰይፍህን ወደ ሰገባው መልስ ያለውም እሱው ነው» አሉ አያቴ። ከዚያ ከበሩ ዞር ብለው ቆሙ። «ቤቱ ያውላችሁ። ፈልጉ።»

ሌላ ቦታ አልፈለጉም። ቀጥታ ወደ ጎታው ሄዱ። ለክረምት የተቀመጠውን ጤፍ እያወጡ መሬት ላይ ዘረገፉት፤ ጎታው ባዶ ሆኖ እጃቸው ታቹን እስኪነካ ድረስ። ምንም አልነበረም። አያቴ ያን ጊዜ ነው «ጎታውን ማን ነገራችሁ?» ያሉት።

«ከዚሁ ከቤትዎ ሰው የወጣ ነው» አሉ አያ ደሳለኝ፤ ዓይናቸውን ሰበር አድርገው ወጡ። ጥሩሰው አጥሩ ሥር ቆማ እኔን ታየኝ ነበር።

ጤፍ አንዴ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ ምን እንደሚሆን ያበጠረች ታውቀዋለች። አያቴ ተንበርክከው በመዳፋቸው ይሰበስቡት ጀመር። እኔም አጠገባቸው ተንበርክኬ ሰበሰብኩ። አልጠየቁኝም። ቢጠይቁኝ እንደምዋሽ አውቅ ነበር፤ ዛሬ ድረስ የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። ያን ክረምት ሙሉ እንጀራችን አሸዋ አሸዋ ይል ነበር፣ በየጉርሻው ጥርሴ ሥር እሰማዋለሁ፣ እውጠዋለሁ።

ዝናቡ ሲጥል አያ ደሳለኝ በአንድ በሬ ቀሩ። አንድ በሬ ብቻውን ቀንበር አይጎትትም፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች አጣምደው በተራ ያርሳሉ፣ መቀናጆ ይሉታል። ሰው ሁሉ ግን ተቀናጅቶ አልቋል። አንድ ጠዋት አያቴ ከሁለቱ በሬዎቻቸው ቦራ የሚባለውን ፈቱና «ለደሳለኝ ስጪ። የእኔን ማሳ ነገ አርሰዋለሁ በይው» ብለው ገመዱን እጄ ላይ አደረጉት። እኔን መላካቸው በአጋጣሚ ነው? ያኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

አያ ደሳለኝ ገመዱን ተቀበሉኝ። ቦራን ከበሬያቸው ጋር ጠመዱና ማረስ ጀመሩ፤ ጎታው ባዶ ቢገኝም አያቴ አልማሉምና ጠመንጃውን ከጀርባቸው አላወረዱም። በአያቴ በሬ፣ አያቴን ፈርተው በገዙት ጠመንጃ ጎብጠው፣ ጭቃው ውስጥ እየተንሸራተቱ አረሱ። ወሰኑ ዳር ቆሜ አየኋቸው። ሮጬ «እኔ ነኝ፤ ውሸቴን ነው» ብላቸው ያ ጠመንጃ ይወርድ ነበር። አላልኩም። ክረምቱን በሙሉ አልወረደም።

በዚያ ሰሞን አንድ ማታ ወንድሞቼ የጃርቷን ተረት ጠየቁ። አያቴ ፍሙን ቆስቁሰው ጀመሩ፤ «አንድ ቀን ወሬ ደረሳት» ብለው ሊያልፉ ሲሉ ታናሼ «ቁራ ነው የነገራት!» አለ።

«አይ፣ ቁራ አይደለም» አሉ። «ማን እንደነገራት ተረስቷል።»

ወደ እኔ አላዩም፤ ፍሙን ብቻ ነበር የሚያዩት። ያን ጊዜ እንደሚያውቁ አወቅሁ። ቁራውን ከተረታቸው ያወጡት ለእኔ ብለው ነው፤ ከዚያ በኋላም እስኪሞቱ ድረስ አልመለሱትም። እኔም እስኪሞቱ ድረስ አልነገርኳቸውም። ለነፍስ አባቴ ተናዝዤ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ፤ ያ ግን ይቅርታ የሚጠየቀውን ሰው ፊት አይቶ እንደመናገር አልሆነልኝም።

አሁን የምኖረው ቡሬ ከተማ ነው፤ እህል እነግዳለሁ። ጊዜው እንደምታውቁት ነው፣ መንገዱም ያስፈራል። አምና ከአጥራችን ማዶ ያለው ጎረቤታችን ታጠቀ ሲባል ሰማሁና ባለቤቴን «እኛስ ምን እንጠብቃለን?» ብዬ ያዝኩት። «ማን አለሽ?» አለኝ። «ሰው ሁሉ» አልኩት። አላስተኛ አላስቀምጥ ስለው ገዛ። ወር ሳይሞላ የጎረቤታችን ሚስት በአጥሩ ቀዳዳ ጠራችኝና «እናንተ ከገዛችሁ ወዲህ የእኔም ሰውዬ ካልገዛሁ እያለ ነው፣ እስቲ ምከሪልኝ» አለችኝ። ለካ አልነበረውም። ማን እንደነገረኝ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። አያቴ ለእኔ ሲሉ «ማን እንደነገራት ተረስቷል» ያሏት ውሸት በራሴ ላይ እውነት ሆነች።

አሁን እሑድ እሑድ ባለቤቴ በቅጥሩ በር ላይ ጠመንጃውን ሲያስረክብ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ስቤ አልፋለሁ። በልጅነቴ ያፈርኩት በዱላ ነበር።

በቀደም ማታ መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ትንሿ ልጄ ተረት አምጪ አለችኝ፤ የጃርቷን ነገርኳት። «ወሬ ደረሳት» ብዬ እንደ አያቴ ላልፍ ስል አቋረጠችኝ።

«ማን ነው የነገራት?»

ሻማውን አየሁ። ከኋላዬ ጠመንጃው ያለበት ቁም ሣጥን ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ልጄ ቀልድ መስሏት ሳቀች።