የጠራዡ ሚስት ስትናገር

በቤተ መጻሕፍታችን ምድር ቤት የሚሠሩትን መጽሐፍ ጠራዥ የሚያውቃቸው ሁሉ በትዕግሥታቸው ያውቃቸዋል። ገጹ የረገፈ መዝገበ ቃላት ሲቀርብላቸው አገላብጠው ያዩታል፤ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፤ ከዚያም ጥፋተኛውን አንባቢ ፊት ለፊት ያገኙት ይመስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ናቸው። እኔ ፎቅ ላይ ያረጁ ድምፅ አልባ ፊልሞችን የምመዘግብ ተማሪ ነኝ። የምልክት ቋንቋ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ ጣቶቼ ግን እስከ ዛሬ ይንተባተባሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሰፈርሁት ንግግር ቢጎድል ጉድለቱ የእኔ ነው።

ጠራዡ ድምፅ አልባ ፊልም ይወዳሉ። አንድ ቀን፣ "እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጆሮ ያለውም የሌለውም እኩል ነው፤ እንዲያውም እናንተ የንግግሩ ጽሑፍ እስኪመጣ ስትጠብቁ እኔ ከተዋናዮቹ ፊት አንብቤ ጨርሻለሁ" አሉኝ።

ባለፈው ወር አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ውስጧ የሦስት ደቂቃ ፊልም ነበረች፤ ከሥራ ባልደረባቸው በተዋሱት ካሜራ ራሳቸው የቀረጿት። ባለቤታቸውም እንደ እርሳቸው መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ ያረፉት ልጃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላት ነው። ልጅቷ ትሰማለች፤ ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። የእናቷን ፎቶግራፎች አይታለች፤ እናቷ ሲናገሩ ግን አይታ አታውቅም። አባቷ ይህን ሁሉ ዓመት የነገሯት አንድ ነገር ነው፦ የእናትሽ እርጋታ ለብቻው ነበር፤ እጇን ያየ ሰው ድካሙ ይለቀዋል።

ልጅቷ ፊልሟን ለማየት ከአባቷ ጋር ፎቅ መጥታ ነበር፤ መጋረጃውን ስንዘጋ፣ "አባዬ 'ረጋ ብለሽ ተናገሪ' የሚለኝ በእሷ እየለካኝ ነው" አለችኝ። "ዛሬ እናያታለን፣ ፕሮፌሰር።" ስታሾፍብኝ የምትጠራኝ እንዲህ ነው።

ፊልሟን ፕሮጀክተሩ ላይ ጫንሁ። ግድግዳው ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ብቅ አለች። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናትና አንቱ ለማለት አልሆነልኝም። ባዶው እጇ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጅ ይወራጭ ነበር። የልጅቷ ፈገግታ ጠፋ። ወደ አባቷ ዞራ በምልክት ጠየቀች።

"ተቆጥታለች። በእኔ ነው?"

ጠራዡ ሁለት ጊዜ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ቃል እንኳ ሊይዙ አልቻሉም። ተነሥተው መብራቱን አበሩ።

"እሷ አይደለችም" አሉ። "ወይም እኔ ረስቻታለሁ።" ኮታቸውን አነሡ።

አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን እርግጠኛ ባልሆንሁበት ጉዳይ ሰው ፊት መናገር ሞቴ ነው። ያነበብሁት መጽሐፍ እንደሚለው፣ የዚያ ዓይነት የቤት ካሜራ በሰከንድ ዐሥራ ስምንት ምስል ይቀርጽ ነበር። የፕሮጀክተሩ የፍጥነት ማዞሪያ ግን ሃያ አራት ላይ ቆሟል፤ ጠዋት ለሌላ ፊልም ብዬ እዚያ ላይ ያደረግሁት እኔው ነኝ። በድምፅ አልባ ኮሜዲ ሰው በዚሁ ምክንያት ሲሯሯጥ ስቀን እናልፈዋለን። እዚህ የተሯሯጠው ግን የሴትዮዋ ቃል ነበር።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኋቸው በምልክት። "ባለቤትዎን ያጣደፍኋቸው እኔ ልሆን እችላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው።"

"ልሆን እችላለሁ ነው ወይስ ነኝ?" አለችኝ ልጅቷ።

"ነኝ... መሰለኝ።"

"አይ አንተ" ብላ ኮቱን ከአባቷ እጅ ወሰደችና መብራቱን አጠፋች።

ማዞሪያውን ዝቅ አደረግሁ። ሴትዮዋ እንደገና ብቅ አለች። እጇ ከጉንጯ ተነሥቶ ወደ ትከሻዋ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ቆመ፤ ጠበቀ። ከዚያ ያንኑ ደገመች፤ ሳትቸኩል፣ ወደ ካሜራው ፈገግ እያለች። ይህን እኔም አነበብሁት። "ተኝታለች?" ነው የምትለው። ትከሻዋ ላይ ያለችው ሕፃን ፊቷ ስለማይታያት ባሏን መጠየቋ ነው። ጠራዡ ደግሞ ያኔ ሁለት እጃቸው በካሜራው ተይዟል፤ በምን ይመልሱላት? ሦስት ጊዜ ጠየቀቻቸው፤ በሦስተኛው ሳቀች።

ልጅቷ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ሁለት እርምጃ ቀረበች።

ጠራዡ ከጎኗ መጥተው ቆሙ። እጆቻቸውን ብርሃኑ ውስጥ አነሡ።

"አልተኛችም" ብለው ለሚስታቸው መለሱላት። "እያየችሽ ነው።"